የመቁረጫው ምንጣፍ ጉብታ

ጅጅጋ ውስጥ በነበረ አንድ የስፌት ክፍል መዝገብ ላይ፣ «ሆዳን የተባለችው ሠራተኛ በራሷ ቸልተኝነት እጇን ቆርጣለች» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። መዝገቡ ዛሬ የት እንደገባ አላውቅም፤ አይጥ በልቶትም ይሆናል። የሆዳን ስም ግን እዚያ ላይ እንደተሰረዘ ቀርቷል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ያ ቃል በጽሑፍ ስለገባ በጽሑፍ እንዲታረም እፈልጋለሁ። የሌላውን ጥፋት ስጽፍ የራሴን አልደብቅም።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ጅጅጋ ገና በገባ ሰሞን ነው። የተወለድኩት አሰበ ተፈሪ ነው፤ ጅጅጋ የመጣሁት የጭነት መኪና ሹፌር የነበረውን ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ ሲሞት በእግር በምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና ሦስት ልጆች አሳደግሁ። ያኔ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ እቤቴ ውስጥ መዳህ ጀምራ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀኝ በሁለት ነገር ነው። ስፌቴ አይተረተርም፤ ሚዛን ሲጎድል ደግሞ ዝም አልልም። ሱቅ ገብቼ፣ ስኳሩ ከመቋጠሩ በፊት ሚዛኑን ባዶውን አንሥቼ የማይ ሴት ነበርኩ። ልጆቼ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ያፍሩ ነበር።

አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ክፍል ተከራይቶ፣ ለሴቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት ያስተምር ጀመር። ቁርጥራጮቹ እኩል አራት ማዕዘን ሆነው ይቆረጣሉ፣ ጎን ለጎን ይጋጠማሉ፣ ከሥራቸው ስስ ጥጥ ገብቶ ይሰፋል። አንዷ ቁራጭ በእህል ፍሬ ያህል ከበለጠች መላው ብርድ ልብስ ይጣመማል። ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን።

ከውጭ የመጣች አሰልጣኝ ሁለት ሳምንት አስተምራን ስትሄድ ሦስት ዕቃ ትታልን ሄደች። አንደኛው እጀታ ያለው፣ እንደ ጎማ እየተሽከረከረ የሚቆርጥ ክብ ምላጭ ነው። ሁለተኛው ወፍራም የፕላስቲክ ማስመሪያ ነው። ሦስተኛው ምንጣፉ ነው። አረንጓዴ፣ ከጎማ የጠነከረ፣ ከእንጨት የለሰለሰ፣ ላዩ በቀጫጭን ነጭ መስመሮች የተከፋፈለ። ጨርቁ እሱ ላይ ይዘረጋል፣ ማስመሪያው ጨርቁን ይጫናል፣ ምላጩ የማስመሪያውን ጎን ይዞ ይነዳል። ምላጩ ምንጣፉንም ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ግን መልሶ ይገጥማል።

አስተርጓሚው ይህን ሲነግረን፣ «ከባሌ ይሻላል» አለች ሆዳን። «እሱ አንድ ቃል ከቆረጠው ዓመት ያመረቅዛል።»

ሆዳን በየጠዋቱ ከቀብሪበያ በሚኒባስ የምትመጣ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። እጇም አፏም ፈጣን ነው። ከአሥራ ሁለታችን በምላጩ እንደ እሷ የሚቆርጥ አልነበረም። አሰልጣኟ ደጋግማ ያስተማረችን አንድ ደንብ ነበር፤ ግራ እጅ ማስመሪያው ላይ ይሁን፣ ከምላጩ ፊት መቼም እንዳይሆን። ሌሎቻችን ስንረሳ፣ «ጣት ከገበያ አይገዛም» እያለች እጃችንን የምትመታን ሆዳን ነበረች።

ምንጣፉን የመንከባከብ ኃላፊነት የእኔ ሆነ። በዓመቱ መሀሉ ሻከረ፤ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆርጥ ነው። በየሳምንቱ አዙሬ አነጥፈው ጀመር፣ ድካሙ እኩል እንዲዳረስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ ጠብታ አቼቶ ጨምሬ አጥበዋለሁ። ትኩስ ብርጭቆ ላዩ ላይ ያስቀመጠች ሴት ከእኔ ጋር ያላት ነገር ያበቃል። ምላጮቹንም ማታ ማታ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ስቆጥር ደግሞ የሆዳንን ቦርሳ እፈትሻለሁ። የሌላ ሰው አልፈትሽም። ከሩቅ ስለምትመጣ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። እሷም አንድ ቀን ለምን አላለችም፤ ቦርሳዋን ራሷ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠው ነበር።

ለኢድ ሦስት ቀን ልንዘጋ ሆነ። የክፍሉ በር ቁልፍ ተበላሽቶ ነበርና ዕቃው የት ይደር የሚል ነገር ተነሣ።

«ኤዶ፣ ምንጣፉን ለእኔ ስጪኝ» አለች ሆዳን። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ የምትበልጣቸውን ሴት እንዲህ ይጠሯታል። «እናቴ አልጋ ሥር እዘረጋዋለሁ። ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ፈረንጇ ዘርግታችሁ አስቀምጡ አላለችም?»

«ቀብሪበያ ድረስ?»

«ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አቁሜ እይዘዋለሁ። እንደ ልጅ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መልሼ አመጣዋለሁ። ሌላ ምን አለ?»

ሄዶ አይመለስም አልኩ በልቤ። ለእሷ መልስ ሳልሰጥ ወደ አቶ ሰይፉ ሄድኩና ምንጣፉ ኮንቴይነሩ ውስጥ ይቆለፍ አልኩት።

አቶ ሰይፉ የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ሰው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሲቆጣም እንደሚያባብል ነው የሚናገረው። ኮንቴይነሩ ግቢው ጥግ የቆመ የብረት ሳጥን ሲሆን እስከ ጣሪያው በጨርቅ ጆንያ ተሞልቶ ነበር። ምንጣፉን የምንዘረጋበት ቦታ ስላልነበረ አቶ ሰይፉ እንደ ሰሌን ጠቀለለው። በየቤታችን ምንጣፍ ሲነሣ ይጠቀለላል፣ ጥግ ይቆማል፤ የሚሰገድበትም የሚተኛበትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። የማሰሪያውን ገመድ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። «ጠበቅ አድርገው» ብዬዋለሁ። ሆዳን በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ደመና አልነበረም። የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን ሲያነሣ ዋለ፣ ፀሐዩም ብረት የነካ እጅ ያቃጥል ነበር። በአንዱ ቀን በግቢው አጠገብ ሳልፍ ኮንቴይነሩ በሙቀት ሲንቋቋ ሰማሁት። ቆሜ አዳመጥኩና መንገዴን ቀጠልኩ።

ሰኞ ጠዋት ገመዱ ሲፈታ ምንጣፉ አልተዘረጋም። ቀስ ብሎ በግማሽ ተከፈተና ቆመ፤ የሚተነፍስ ነገር ይመስል ነበር። ዳርና ዳሩን ስንጫን መሀሉ ተነሣ። መሀሉን ስንጫን ዳሩ ተነሣ። በመጨረሻ ጫፎቹን በጠረጴዛው ላይ በሽቦ አሰርናቸው። መሀሉ ላይ ግን እንደ ቦካ ሊጥ ያበጠ ጉብታ ቀረ፣ ከጉብታው ቀጥሎም ጎድጓዳ።

«ይሄ ነገር ነፍስ ገብቶበታል» አለች ፋጡማ። ፋጡማ የወሎ ሴት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ቀጥላ ያለች፣ የማሽን ሰፊ።

አቶ ሰይፉ መጥቶ በመዳፉ ዳሰሰው። «ሐሙስ ከድርጅቱ ጎብኚዎች ይመጣሉ» አለ። «ለሕፃናት ከታዘዘው ብርድ ልብስ ገና ሃያ ይጎድላል። ጀምሩ፣ እየሠራችሁበት ይስተካከላል።» ይህን ብሎ ቢሮው ገባ።

በዚያው ሰዓት ጨርቅ አቅራቢው ጥቅሉን ተሸክሞ በር ላይ ደረሰ። በክንዴ ስለካው ጎደለ፤ በየሜትሩ አራት ጣት ያህል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሌላው ዓለም ይጠፋብኛል።

«እትዬ፣ ጨርቁ እርጥበት ነክቶት አጥሮ ነው» ይላል።

«ያጠረው ሜትርህ ነው። እስቲ አምጣው።»

«ሜትሩ የአባቴ ነው።»

«እንግዲያው አባትህም ይሰርቁ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከኋላዬ አንዷ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሳልዞር መለስኩና ሜትሩን ከሰውየው እጅ ነጠቅኩ። አራቱን ጣት እያሳየሁት ሳለ ማስመሪያው መሬት ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

«እትዬ አበራሽ» አለች ፋጡማ፣ ቀስ ብላ። የአጠራሯ ቀስታ ነው ያስፈራኝ።

ሆዳን ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነበር። ግራ እጇን በቀኝ እጇ ይዛ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ታየዋለች። ለሕፃናቱ የቆረጠቻቸው ነጫጭ ጨርቆች ቀልተዋል። በእነዚያው ጨርቆች ጠቅልዬ ጨበጥኩላት፤ ባጃጅ አስቁመን ሆስፒታል ሄድን። መንገድ ላይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ኤዶ፣ ጨርቁ ተበላሸ።»

ሌባ ጣቷ ከመጀመሪያው አንጓ ላይ ጠፋ። መሀል ጣቷ ተሰፋ፤ ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ነገረን። እጇ ታስሮ አልጋ ላይ ስትቀመጥ ከጎኗ ሆኜ ጠየቅኳት።

«ሆዳን፣ እጅሽ ምላጩ ፊት ምን ይሠራ ነበር?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕመሙ ነው አልኩ፤ ወይም ራሷ ደንቡን ጥሳ አፍራ ነው።

ክፍሉ ስመለስ አቶ ሰይፉ መዝገቡን ከፍቶ ፋጡማን እየጠየቀ ነበር።

«እጇ የት ነበር?»

«ምላጩ ፊት» አለች ፋጡማ፣ መሬት መሬት እያየች።

«እዚያ መሆን እንደሌለበት ተምራለች?»

«ተምራለች።»

«እንግዲህ» አለና ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ እንዴት ያምር ነበር።

«ጉብታውስ?» አልኩት። «ምንጣፉ እንዳበጠ አንተም በእጅህ ዳስሰሃል። ጻፈው።»

ብዕሩን ከደነና ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ሐሙስ ጎብኚዎቹ ምንጣፉን እንዲህ ሆኖ ካገኙት፣ ዕቃ መያዝ አይችሉም ብለው ክፍሉን ይዘጉታል። አሥራ ሁለት ሴት ቤቷ ትገባለች፣ ሆዳንም ጭምር። ይህን ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚያስተካክለው የለም። ያስተካክሉት፣ የመዝገቡን ነገር በኋላ እናየዋለን።»

«በኋላ መቼ?»

«ካስተካከሉት በኋላ።»

ማክሰኞ ጠዋት ምንጣፉን ይዤ ግቢ ወጣሁ። ጎረቤታችን ሥጋ ቤት ነበርና አጥሩ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሁለት ሆነው ቆመው ነበር፤ ያ መላጣ አንገታቸውን ሰብቀው ወደ እኔ ያያሉ። መሬት ላይ ጡብ በአራት ማዕዘን ደርድሬ ሸራ አነጠፍኩበትና እንደ ገንዳ አደረግኩት። ጥቁሩ የጣሪያ ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ ከረፋዱ ጀምሮ ይሞቃል። ከእሱ ቀድቼ ቀዝቃዛ ጨመርኩበትና ሕፃን እንደሚታጠብ በክርኔ ለካሁት። የሚፋጅ ውሃ ምንጣፉን ይበልጥ ያጣምመዋል፤ ቀዝቃዛ ደግሞ አያለዝበውም።

ተነክሮ ሲቆይ መለስለስ ጀመረ። ሲለሰልስ አውጥቼ ሜዳ በሆነው ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ላዩ ላይ የተነቀለ የበር ሳንቃ አስተኛሁ፣ በሳንቃው ላይ አራት የጨው ጆንያ። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ሳነሣው ጉብታው በጥቂቱ ዝቅ ብሏል። እንደገና ውሃ፣ እንደገና ሳንቃ። ማክሰኞ አምስት ጊዜ፣ ረቡዕ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ የተነከረበት ውሃ የዝገት መልክ ነበረው። ምን እንደሆነ አውቄ ዝም ብዬ ደፋሁት፤ አሸዋው ወዲያው ጠጣው።

ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። የጠመመ ነገር በእጄ ሥር ሲቃና ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ፋጡማ ሁለቴ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ሁለተኛው ላይ፣ «እትዬ አበራሽ፣ ይሄ ከተቃና በኋላ ምን እናሳያለን?» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለማንም» አለችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ነገሩ በጆሮዬ ገባ፤ እኔ ግን የጨው ጆንያ እያስተካከልኩ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ምንጣፉ ሜዳ ሆነ። የቀረው ላዩን ማደስ ነው። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በሳሙና አሸሁት። በቁርጦቹ ውስጥ የተሰካውን የክር ብናኝ በላጲስ አሻሽቼ አወጣሁ፤ ላጲስ እንቢ ያለውን በወረንጦ። የቁርጦቹ ከንፈር የተነሣበትን ቦታ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፋቅሁ። ይህን ስሠራ ነው የሆዳንን ቁርጥ ያገኘሁት።

ከሌሎቹ ቁርጦች አይመሳሰልም። ቀጥ ብሎ ይጀምራል። ጉብታው በነበረበት ቦታ ላይ ይጠልቃል። ከዚያ ሦስት ጣት ያህል ይጠፋል፤ ምላጩ ጎድጓዳውን ሳይነካው ዘሎታል። ከዚያ ወዲያ እንደገና ሲታይ ወደ ግራ ተጣሞ ነው። በጥልቁ ውስጥ ጥቁር ቡኒ ነገር ደርቋል። ፊደል መቁጠር የማይችል ሰው እንኳን ያነበዋል። ሜዳ በሆነ ምንጣፍ ላይ እንዲህ ያለ ቁርጥ አይወጣም። ምንጣፉ እንዳበጠ የሚመሰክር ሌላ ነገር አልነበረም፤ ሌላውን በውሃና በጨው አጥፍቼዋለሁ።

ጥላ ወደቀብኝ። አቶ ሰይፉ ነው።

«እጅዎ ይባረክ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ አየ። «ይቺም ትጥፋ እንጂ።»

«ይቺን ሐሙስ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ምንጣፉ አብጦ ነበር ብዬ።»

«ለምን አበጠ ይላሉ። ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፎ እንላለን። ማን ይቆለፍ አለ ይላሉ።» ድምፁ የተኛ ልጅ እንዳይቀሰቅስ የሚፈራ ሰው ድምፅ ነበር። «እኔ ስምዎን ማንሣት አልፈልግም፣ እትዬ። የሆዳንን ጣት ደግሞ ይህ መስመር አይመልስላትም።»

አጠገቤ ቆሞ ጠበቀ። አባ ኮዳዎቹ ከአጥሩ አልተነሡም። አሥራ ሁለት ሴቶችን አሰብኩ እያልኩ ለብዙ ዓመት ተናግሬአለሁ። እውነቱ፣ ስሜን ነው ያሰብኩት። የብርጭቆ ወረቀቱን አነሣሁና ፋቅሁ። መጀመሪያ ቡኒው ሄደ። ከዚያ መስመሩ ሄደ። ስጨርስ በመዳፉ ዳስሶት፣ «አያስታውቅም» አለ።

ሐሙስ ጎብኚዎቹ መጡ። አንዷ ሴት ምንጣፉን በእጇ ዳበሰችና እንዴት እንደ አዲስ ሆነ አለች። አቶ ሰይፉ ወደ እኔ አመለከተ፤ አጨበጨቡልኝ። መዝገቡን አነበቡ። ዕቃው ደህና ነው፣ አደጋው የሠራተኛዋ ነው ብለው ፈረሙ። የሆዳን ስም ከዝርዝሩ ላይ በማስመሪያ ተሰረዘ። ፋጡማ ያን ቀን ሙሉ ቀና ብላ አላየችኝም።

በማግስቱ ቢሮው ገባሁ።

«በኋላ ብለኸኝ ነበር። አሁን በኋላ ነው። ጉብታውን ጻፍ።»

ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ወሰደኝ፣ ጠረጴዛው ዘንድ አቆመኝ። «የትኛውን ጉብታ?» አለ። «ያሳዩኝና እጽፈዋለሁ።»

ምንጣፉ እንደ ውሃ ተኝቷል። የማሳየው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየሁም። ክፍሉም በሌላ ምክንያት በሁለት ዓመቱ ተዘጋ፤ አቶ ሰይፉ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ዕቃው ሲከፋፈል ምንጣፉን የሚፈልግ ስላልነበረ ለእኔ ሰጡኝ። አልጋዬ ሥር ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ያላችሁ ሰዎች፣ አትጠቅልሉት፣ ፀሐይ ላይ አታቁሙት፣ አዙራችሁ ተጠቀሙበት። ቢጎብጥም አትጣሉት፤ በለብታ ውሃና በክብደት ይመለሳል። ግን ከማቃናታችሁ በፊት፣ መጉበጡ ማንን እንደጎዳ ዞር ብላችሁ እዩ። የጎዳው ሰው ካለ መጀመሪያ ያን ተናገሩ፣ በሰው ፊት፣ ዕቃው እንደጎበጠ። እኔ የጎደለ ስኳር ለማስሞላት ሱቅ ሙሉ ሰው አስቁሜአለሁ። ያን ቀን ግን መናገር የነበረብኝ አንድ አረፍተ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላው ስህተት አፌን ስከፍት መጀመሪያ የራሴን እጅ አያለሁ። ጎረቤቶቼ አረጀችና ለዘበች ይላሉ። አልለዘብኩም።

ያቺ ስትድህ የነበረችው የልጅ ልጄ አሥረኛ ክፍል በደረሰችበት ዓመት፣ ምንጣፉን ሳጥብ አግኝታኝ ታሪኩን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «እና አያቴ፣ ሆዳንን ጠይቀሻታል?» አለችኝ። በሳምንቱ ምንጣፉን ጉልበቴ ላይ አቁሜ ቀብሪበያ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ለማግኘት አላስቸገረችኝም፤ መናኸሪያው ላይ ጣቷ የጎደለው ልብስ ሰፊ ብዬ ስጠይቅ ሦስት ሰው አንድ ጊዜ ጠቆመኝ። ሸራ የተወጠረበት ሱቅ ውስጥ ከማሽን ጀርባ ተቀምጣለች። ጨርቁን በዚያ በጎደለ እጇ ትገፋለች፤ የማይታጠፈው መሀል ጣቷ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ኤዶ፣ አረጀሽ» አለችኝ።

«አንቺም ወፈርሽ።»

«ልጅ ነው ያወፈረኝ። አምስት።» ከጎረቤት በወተት የፈላ ሻይ አስመጣችልኝ። ምንጣፉን ከተሸፈነበት ጨርቅ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አጋደምኩት። በመዳፏ ዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። «ጎበዝ ነሽ» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ኮንቴይነር ይግባ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ይሰረቃል ብዬ እሷን እንደጠረጠርኩ፣ ምስክር ሊሆናት ይችል የነበረውን ቁርጥ በእጄ እንደፋቅሁ። ስናገር ሻይዋን ትጠጣ ነበር።

«የኮንቴይነሩን በር ላይ ሆኜ አይቻለሁ» አለች። «የፋቅሽውን ፋጡማ በዚያው ሳምንት ነገረችኝ። የጠረጠርሽኝን ደግሞ ቦርሳዬ ያውቃል።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እሺም አልሆነ እንቢም።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አልኳት። «ይህን ሁሉ ዓመት መልስ ያጣሁለት ነው። ከሁላችን ይልቅ ደንቡን የምታውቂው አንቺ ነበርሽ። እጅሽ ምላጩ ፊት ምን ይሠራ ነበር?»

ሆዳን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እንደ ሆስፒታሉ ቀን ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ይህን ጊዜ ግን ፊቷን አላዞረችም።

«ከጨርቅ ነጋዴው ጋር ትጨቃጨቂ ነበር» አለች። «ከኋላሽ መጣሁና፣ ኤዶ፣ መሀሉ አብጧል፣ ማስመሪያው አልቀመጥ አለ፣ ምን ላድርግ አልኩሽ። አልዞርሽም። ‹በእጅሽ ተጫኚው› አልሽኝ። ጉብታውን ተጫንኩት።»



«ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ» አለች። «እሷ ሚዛን ሲጎድል ዝም አትልም ይሉሽ ነበር።»